የእናቴ አሞሌና አራቱ ዓሦች

ልጅ ሳለሁ በመንዝ በመሐል ሜዳ ከተማ ዓሣ ያለበት አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ የዚያ ክፍል ቁልፍ የሚውለው ደግሞ እኔ አንገት ላይ ነበር። እናቴ በፈተለችው የበግ ጠጉር ክር አንጠልጥዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከደንብ ልብሴ ውጭ አውጥቼ ነበር የምሄደው። ክሩ አንገቴን ይበላኛል፤ ግን አላወልቀውም። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የወረዳውን አስተዳዳሪ ቢሮ ቁልፍ ቢሰጡኝ እንኳ እንደዚያ የምኮራ አይመስለኝም።

ዓሦቹን ያመጡት የባዮሎጂ መምህራችን፣ መምህር ዳንኤል ነበሩ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። መንዝ ሲመደቡ ብርዱን መቋቋም አቅቷቸው ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው ያስተምሩን ነበር። «ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ውኃ ሳያይ ከዋለ ዓይኑ ይደርቃል» ይሉናል። አንድ ሰሞን የመስኮት መስታወት አስቆርጠው፣ ጠርዙን ከጠርዙ በማጣበቂያ አያይዘው፣ ግልገል የሚያስተኛ ገንዳ ሠሩ። ከዚያ አዲስ አበባ ወርደው አምስት ዓሦች በላስቲክ ከረጢት ይዘው ተመለሱ። መንገዱን ሙሉ ውርጭ እንዳይነካቸው ከጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ አቅፈው ነበር ያመጧቸው። ቀለማቸው የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ገንዳው የተቀመጠው ድሮ የመጽሐፍ መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ያን ክፍል ስከፍተው የሚቀበለኝ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ፣ ከጠመኔና ከአሮጌ ወረቀት ሽታ ጋር ተደባልቆ፣ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

የከተማው ሰው መጀመሪያ ግራ ተጋብቶ ነበር። ቅዳሜ ለገበያ የመጣ ሁሉ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይታያል» እላለሁ እኔ።

መምህር ዳንኤል ኅዳር መግቢያ ላይ ለሁለት ወር ሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄዱ። ሲሄዱ ዓሦቹን ከሚንከባከበው የባዮሎጂ ክበብ ልጆች ሁሉ መርጠው ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ምክንያታቸውንም በሁሉም ፊት ተናገሩ፤ «ስንታየሁ አንድ ቁንጣሪ ስላት አንድ ቁንጣሪ ነው የምታበላው፤ እናንተ ስታዝኑላቸው በጥጋብ ትገድሏቸዋላችሁ።» ውኃ ስቀይር ከቧንቧ የቀዳሁትን ወዲያው እንዳልጨምር፣ አሳድሬ እንድጨምር አስተማሩኝ። እኔም ያሉትን ሁሉ አደረግሁ፤ ከአንዲቱ በቀር።

በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት የአውቶቡሱ ረዳት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ከረጢት ሰጠኝ። መምህር ዳንኤል አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ ሁለት ዓሦች ጨምረው ገዝተው ኖሯል። አንደኛው እንደ ሌሎቹ ቀይ ነው። ሁለተኛው ግን ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ጅራቱ እንደ ካባ የሚዘናፈል ነበር። አብሮ የመጣው ወረቀት አጭር ነው፤ «ስንታየሁ፣ እንግዶቹን ለብቻቸው በባልዲ አቆዪአቸው። ሦስት ሳምንት። ጤነኛ ቢመስሉሽም ሦስት ሳምንት።»

አንድ ቀን አቆየኋቸው። በማግስቱ ጓደኛዬ ትርንጎ ባልዲውን አይታ «ይህን የመሰለ ጌታ በሽንት ቤት ባልዲ?» አለችኝ። ባልዲው የሽንት ቤት አልነበረም፤ ነገሩ ግን ቆጨኝ። ዐርብ ደግሞ ሰባተኛ ክፍሎች ሊጎበኙ ተራ ነበራቸው። ጥቁሩ በዚያ በመስታወት ውስጥ ካባውን እየጎተተ ሲያልፍ ልጆቹ የሚያሰሙት ጩኸት አስቀድሞ ተሰማኝ። መምህሩ ከመመለሳቸው በፊት መልሼ እለያቸዋለሁ ብዬ ሁለቱንም ገንዳ ውስጥ ለቀቅኋቸው። ዐርብ ዕለትም ልጆቹ ጮኹ። እኔም ቁልፌን እየነካካሁ ቆምኩ።

ከዐሥር ቀን በኋላ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ጤፍ የምታክል ነጥብ ናት። በማግስቱ አምስት ሆነች፤ በሦስተኛው ቀን ዱቄት የተነፋበት መሰለ። ቀያዮቹም ጎናቸውን ከጠጠሩ ጋር ይፈትጉ ጀመር፤ ልክ እከክ የያዘው በግ በካብ እንደሚታከከው። ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ከቀያዮቹ ትንሹ በጀርባው ተንሳፏል። ማንም ሳያየኝ በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ ከአጥሩ ሥር ቀበርኩት። «ስድስት ናቸው እንዴ?» ላለኝ ሁሉ «አንዱ ከድንጋዩ ኋላ ነው» አልኩ።

እናቴ አባቴ ካረፈ ጀምሮ እኔን ያሳደገችኝ በዐሥራ ሁለት በጎችና በእንዝርቷ ነው። ጠጉር ትፈትላለች፤ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ታቀርባለች። ቤታችን ምንጊዜም እርጥብ ጠጉር ይሸታል። ያን ዕለት ማታ በሶዬን ሳልነካው ስቀር አየችኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለችና እንዝርቷን አስቀመጠች። ያመመኝ መስሏት ግንባሬን በመዳፏ ነካች። ያን ጊዜ ነው ለቅሶዬ ያመለጠኝ። ወረቀቱን፣ ባልዲውን፣ ዐርቡን፣ ከአጥሩ ሥር የቀበርኩትን፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጥያቄ ነው ያመጣችው።

«እኔ ከሞላሌ ገበያ የገዛኋትን በግ የት ነው የማስራት?»

«ከጓሮ፣ ለብቻዋ።»

«ለምን?»

«እከክ ይዛ እንደሆነ ሌሎቹን እንዳታስይዝ።»

«ታዲያ ዓሣ ከበግ በምን ይለያል? ይህን እያየሽ አድገሽ!» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አነሣች። «ነገ ጠዋት ለመምህርሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ስልክ ከሚያስደውል ባለሱቅ ዘንድ ሄድን። የሆነውን ሁሉ ለመምህር ዳንኤል ነገርኳቸው። መስመሩ ይቆራረጥ ነበርና «ቲቸር?» አልኩ።

«አለሁ። ስንት ሞተ?»

«አንድ።»

«እንግዲያው ስድስት በሽተኛ አለን። እርሳስ አለሽ?»

አንዲት የቁጣ ቃል ሳይጨምሩ አጻፉኝ። በሽታው ከዓሣው ገላ ይወድቅና ከገንዳው ግርጌ ይራባል፤ ከተራባ በኋላ ተመልሶ ዓሣው ላይ ይወጣል። ስለዚህ ዓሦቹ ካለፈው ቀን ውኃ ውስጥ አያድሩም። ሁለት ሳፋ ይዘጋጃል። ዛሬ በአንዱ የዋሉት ነገ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ የዋሉበት ይታጠብና ፀሐይ ላይ ደርቆ ይውላል። ሲሻገሩ ደግሞ መንገድ ላይ ብርቱ የጨው ውኃ ውስጥ ይነከራሉ፤ ለአምስት ሊትር ውኃ መቶ ሃምሳ ግራም። ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ጨው ይሁን። ቢበዛ አምስት ደቂቃ። «በጎኑ ከተኛ ግን አምስት ደቂቃውን እንዳትጠብቂ፤ ያን ጊዜውኑ አውጪው» አሉኝ። መጨረሻ ላይ፣ «የእናንተ አገር ብርድ በሽታውንም ያንቀራፍፈዋል፤ ቶሎ አይለቅም። ከአንድ ወር በፊት ዳኑ እንዳትይኝ።»

ቤት ስንደርስ እናቴ ለበጎቿ ለማስላስ ያስቀመጠችውን አሞሌ ጨው ከቆጥ አወረደች። በመጥረቢያ ጀርባ ሰብራ ሙቀጫ ውስጥ ወቀጠችው። ወስደንለት ባለሱቁ በሚዛን ሲለካልን «ለማን ነው?» አለ። «ለዓሣ» ስትለው፣ «ዓሣ ሳይጠበስ ጨው?» ብሎ ሳቀ። ውኃውን የሰፈርነው በአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው።

ሳፋዎቹን ተሸክመን ክፍሉ ስንደርስ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ጋሽ ከበደ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ከጥምቀት በኋላ የወላጆች ቀን አለ፣ የትምህርት ቢሮ እንግዶችም ይመጣሉ። እሳቸው ዓሦቹን በመስኮቱ አይተዋቸው ነበር።

«ስንታየሁ፣ እነዚህ እኮ አልቆላቸዋል። አውጥተሽ ጣያቸውና ገንዳው ይወልወል። ክፍሉ ለመጻሕፍቱ ይመለሳል።»

እናቴ ናት የመለሰችላቸው፤ «ጌታዬ፣ እርስዎ የታመመ በግ ሁሉ ያርዳሉ?»

«አላርድም፤ ግን...»

«እንግዲያው አንድ ወር ይስጡን። ካለቁ እኔው ራሴ መጥቼ ክፍሉን ጠርጌ አስረክብዎታለሁ።»

ዳይሬክተሩ እናቴን አዩዋት፤ ሳፋውን አዩት። «አንድ ወር» ብለው ሄዱ።

የመጀመሪያውን ነከራ መቼም አልረሳውም። ሰዓት አልነበረንም። እናቴ «አቡነ ዘበሰማያት ስንት ጊዜ ቢደገም አምስት ደቂቃ ይሞላል?» ብላ ራሷን ጠየቀችና፣ «ቀስ ብዬ ብደግም ስምንት» ብላ ወሰነች። እኔ ጥቁሩን በወንፊት አውጥቼ ጨዉ ውስጥ ለቀቅሁት። እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሳፋውን ከዳር እስከ ዳር ዞረው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትደግማለች። ሦስተኛው ላይ ቀዘቀዘ። አምስተኛው ላይ አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። ላወጣው እጄን ስሰድ «ተኛ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «አልተኛም።» «እንግዲያው ተይው።» ስድስተኛው መሐል ላይ በጎኑ ዘንበል አለ። «ተኛ!» ብዬ ጮህኩና በእጄ አፍሼ ንጹሑ ውኃ ውስጥ ጨመርኩት። እጄ ውስጥ ሲፈራገጥ የተሰማኝ ኃይል ገረመኝ። ከግርጌ ወርዶ ተኝቶ ቆየ። እናቴ የቀረውን ጸሎቷን ጨረሰች። ከዚያ ያ ካባ የመሰለ ጅራት አንዴ ተንቀሳቀሰ፤ ሁለቴ ተንቀሳቀሰ፤ ተነሣ።

የቀሩትን አምስቱንም እንዲሁ አደረግናቸው። ስንጨርስ እጄ በጨውና በብርድ ተሰነጣጥቆ ደም ያዘለ ነበር፤ እናቴ ቅቤ ቀባችኝ።

እንዲህ እያልን በየቀኑ ከትምህርት መልስ አሻገርናቸው። በአምስተኛው ቀን አንድ ቀይ ሞተ፤ በዘጠነኛው ሌላ። እነሱን ግን አልደበቅኋቸውም፤ ግድግዳው ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ላይ ከነቀናቸው ጻፍኩ። የመጀመሪያውንም ጨመርኩት። ትርንጎ ወረቀቱን አንብባ በማግስቱ ሳፋ ልታጥብ መጣች። ገንዳውን አጥበን ጠጠሩን በፈላ ውኃ ለቀለቅነው፤ ሁሉንም ፀሐይ ላይ አሰጣነው። አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ስንወጣ ከደጅ ባለው ባልዲ ላይ በረዶ ግግር ሠርቶ ነበር፤ ክፍሉ ደርሼ ዓሦቹ በሕይወት መኖራቸውን ሳይ እልል ማለት አማረኝ።

ከተማው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ስሜ ተለወጠ። ውኃ ተሸክሜ ሳልፍ ልብስ ሰፊዎቹ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «የዓሣ ሐኪም! እንዴት አደሩልሽ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። እየቆየ ግን የምር ሆነ። ጠዋት ከቅዳሴ የሚመለሱ አንድ ቄስ ሳይቀሩ መንገድ ላይ አስቁመው «ያ ጥቁሩስ?» ብለው ጠየቁኝ። «እህል በላ» ስላቸው «ተመስገን» ብለው አለፉ።

በሃያኛው ቀን አካባቢ ነጩ ነገር ከሁሉም ላይ ጠፋ። ትርንጎ ወደ ገንዳቸው እንመልሳቸው አለች። እኔም እጄ አሳከከኝ፤ ዕረፍትም አምሮኝ ነበር። ይሁን እንጂ ወሩ ሳይሞላ ንክች አላደርግም አልኩ። እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ቀን ድረስ አሻገርናቸው። በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ሦስቱን ቀያዮችና ጥቁሩን ገንዳ ውስጥ ስለቃቸው እናቴና ትርንጎ አጠገቤ ነበሩ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱ ላይ ያረፈ የጣት አሻራ ጠረገች።

የወላጆች ቀን ሲደርስ መምህር ዳንኤል ከሥልጠናቸው ተመልሰው ነበር። ዳይሬክተሩ ጠዋት ጠርተውኝ «ስለሞቱት አታንሺ፤ አራት ነበሩ፣ አራት ናቸው» ብለው መከሩኝ። እሺ አልኩ። ነገር ግን ክፍሉ በሰው ተሞልቶ፣ እናቴ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መምህር ዳንኤል በሩን ተደግፈው ሲያዩኝ፣ አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ሰባት ነበሩ። ሦስቱ በእኔ ጥፋት ሞቱ። እንግዶቹን ለይተሽ አቆዪ ተብዬ ቀላቀልኳቸው» አልኩ። ከዚያ ሳፋዎቹን፣ ጨውንና ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እያሳየሁ ሁሉንም ተናገርኩ። 

ቀየት ከሚባል ገጠር በኩል የመጡ አንድ ገበሬ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ተባረኪ። እንደው ይህ ነገር ለበግ እከክስ ይሆናል?»

ዞሬ መምህር ዳንኤልን አየኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ ወደ እናቴ ተመለከቱ። እናቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ ለእኔ ጉዳይ ካልሆነ ረግጣ የማታውቅ፣ ስሟን በጣቷ አሻራ የምትፈርም ሴት ናት። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«መንከሪያው ሌላ ነው፤ የበጉን መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪሙ ጠይቁ። መለየቱ ግን አንድ ነው። የገበያ በግ ወደ በረታችሁ ሳይገባ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይታሰር። በየቀኑ ጠጉሩን ገልጣችሁ ቆዳውን እዩ። የታሰረበትን ገመድ ለሌላው አታውሱ። ደኅና ይመስላል ብላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ፤ እኔም ልጄም በመቸኮል አይተነዋል።»

እኔ ነበርኩ የቸኮልኩት፤ እሷ ግን ጥፋቱን ለሁለት ተካፈለችኝ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ወደ እሷ ሆነ። ስለ ገመዱ፣ ስለ ግልገሎች፣ ስለ ጠጉር ሸለታ ጠየቋት፤ ሁሉንም ቆማ መለሰች። ሰው ሲበተን መምህር ዳንኤል ወደ እሷ መጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና እጅ ነሷት። ክፍሉም ለመጻሕፍቱ አልተመለሰም።

አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ሥራዬም ዓሣ ነው። በሆቴሎችና በሰው ቤት ያሉ የባሕር ዓሦችን እንከባከባለሁ። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ባለ ነጭ መቀነት፤ ከቀይ ባሕርም ከዚያ ወዲያም የመጡ ናቸው። የጨዉን መጠን የሚያነብ መሣሪያ አለኝ፤ ሙቀቱን በማሽን እቆጣጠራለሁ፤ ከመዳብ የተሠራውን መድኃኒት በጠብታ እለካለሁ፤ ደቂቃውን ስልኬ ይቆጥርልኛል። ለይቶ ማቆያ የምለው አንድ ሙሉ ክፍል አለ። ሁሉ ነገር ከዚያን ጊዜው ይበልጣል፤ አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። በእብነ በረድ አዳራሽ ውስጥ ያን የሚያክል መስታወት ፊት ቆሜ ስሠራ ሰው ፎቶ አንሥቶ ያልፋል፤ የታመመው እንዴት አደረ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።

ባለፈው ወር አንድ የሆቴል ባለቤት ለምረቃው ቀን አዲስ የመጡትን ዓሦች ከነባሮቹ ጋር እንድቀላቅልለት ለመነኝ፤ ቀጥሎም ተቆጣኝ። አይሆንም አልኩ። ምረቃው ያለ እነሱ አለፈ። ማታ ለእናቴ ስልክ ደውዬ ነገርኳት።

«ደግ አደረግሽ» አለች። «አሁንም በጨው ነው የምትነክሪያቸው?»

«የለም እማዬ፣ እነዚህ የባሕር ናቸው። ኑሯቸው ጨው ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ጨው በሌለው ውኃ ነው የምነክራቸው፤ ተባዩ እሱን አይችልም።»

«እንግዲያው መድኃኒቱ ጨዉ አይደለማ። ተባዩን የለመደውን ውኃ ትንሽ መንሳት ነው» አለችና ሳቀች። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ እንዲያ አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር።

ትርንጎ አሁን መሐል ሜዳ ታስተምራለች። እንደምትነግረኝ፣ እናቴ የባና ጠጉር ሊያስፈትል የመጣውን ሁሉ «ልጄ የባሕር ዓሣ ሐኪም ናት» እያለች ታስተዋውቀዋለች፤ ከሰሚዎቿ አብዛኛው ባሕር አይቶ የማያውቅ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የሐኪም ወረቀትም የለኝም። አገር ቤት ስሄድ ግን አጠገቧ ተቀምጬ ይህንኑ ስትናገር እሰማለሁ፤ አንድ ቀንም አርሜያት አላውቅም።